አርባ ቁጥር ጫማ እና የመኮንን አውራ ጣት

ባለቤቴ መኮንን ይህን ጨዋታ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ባለው የጫማ ሱቃችን ውስጥ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንዳወራው አላውቅም። እያነከሰ የገባ ደንበኛ ሁሉ ጫማ ከመለካቱ በፊት ይህን መስማት ነበረበት። እኔ ከኋላ ባለችው በርጩማ ላይ ሆኜ ማሰሪያ እያስገባሁ እሰማለሁ። ሲጨርስ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞሮ «አይደለም እንዴ፣ አስቱ?» ይላል። እኔም «ነው» እላለሁ።

ከሞተ አራተኛ ወሩን ያዘ። መልኩ ፎቶ ላይ አለ፣ አይጠፋኝም። ድምፁ ግን እንዳይጠፋኝ ፈራሁ። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ያወራውን፣ አፉ እንዳመጣው፣ ሳላርም ጻፍኩት። የሚያወራው ዮናስ ለሚባል የሎሪ ሾፌር ነው፤ ዮናስ የቀኝ አውራ ጣቱ አብጦ መጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ሁሴን፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተቀምጧል። ለዚያች ለመጨረሻዋ ጥያቄው ግን በሕይወት እያለ ያልሰጠሁት መልስ አለኝ። እሱን ከታች እጽፈዋለሁ።

መኮንን፦ እናንተ ዛሬ ጫማ በካርቶን ታሽጎ፣ በሎሪ ተጭኖ ሲመጣ ነው የምታዩት። እኛ ንግድ በጀመርንበት ጊዜ ጫማ ድንበር የሚሻገረው በሰው እግር ነበር። አትሳቅ፣ ዮናስ፣ እውነቴን ነው። ሸራ ጫማ አይደለም የምልህ፣ ቆዳ ጫማ፣ አዲስ አበባ የተሰፋ፣ ሲራመዱበት ቀጭ ቀጭ የሚል። ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ነጋዴው ቤት ተቆልሏል፤ ወዲህ፣ ኬንያ በኩል፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ታዲያ በእጅህ ይዘህ ብትመጣ ዕቃ ነው፣ ቀረጥ አለው፤ በእግርህ አድርገህ ብትመጣ ግን ልብስህ ነው። ማን የለበስከውን አውልቅ ይልሃል? እና እኔ ጠዋት በረባሶዬን አድርጌ እሻገራለሁ፣ ማዶ ስደርስ በረባሶዬን ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ አዲሱን ጫማ አጠልቃለሁ፣ እንደ ትልቅ ሹም እየተንጎራደድኩ እመለሳለሁ። እዚህ አወልቃለሁ፣ በረባሶዬን አደርጋለሁ፣ እንደገና እሻገራለሁ። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ታዲያ እኔ ምኑን ጫማ ነጋዴ ሆንኩ? ጫማ ጫኝ ነበርኩ እንጂ።

የድንበሩ በር ጠባቂ ያውቀኛል። ረጅም ነው፣ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ ነው የሚውለው። «ምዜ፣ ቪያቱ ቪያኮ ቪዙሪ ሳና» ይለኛል፤ ሽማግሌው፣ ጫማህ በጣም ያምራል ማለቱ ነው። ያኔ እንኳ አንድ ሽበት አልነበረኝም፣ ግን እዚህ አገር ጥሩ ጫማ ያደረገ ሁሉ ምዜ ነው። «አሳንቴ» ብዬ አመስግኜ አልፋለሁ። ከሰዓት ደግሞ ያየኛል። «ምዜ፣ ጠዋት ቡናማ ነበር፣ አሁን ጥቁር?» «የጠዋቱ ጠበበኝ» እለዋለሁ። «ይሄኛውስ?» «እሱም እየጠበበኝ ነው።» ይስቃል፣ ያሳልፈኛል። እና ውሸት አልነበረም፣ ሰማህ ወይ? የእኔ እግር አርባ ሦስት ነው። ጫማው ግን የእኔ አይደለማ! የደንበኛው ነው። ደንበኛው አርባ አንድ ከሆነ እኔም ያን ቀን አርባ አንድ ነኝ፤ ደንበኛው አርባ ሁለት ከሆነ ያን ቀን በዓል ነው። ጣቶቼን እጥፍ አድርጌ፣ እንደ ጎመን ጠቅልዬ ነው የምሻገረው።

ሁሴን፦ ወላሂ፣ አረማመዱን ብታየው! ሰው «መኮንን ኮርቷል» ይል ነበር። ኩራት አልነበረም፣ ሥቃይ ነበር።

መኮንን፦ አንተ ሻይህን ጠብቅ፣ ሁሴን፣ ያንተም ተራ ይደርሳል። ታዲያ አንድ ቀን ከጎዶማ አንድ ሙሽራ መጣ። እሑድ ሠርጉ ነው። ጥቁር ቆዳ ጫማ፣ አፉ ሹል የሆነ፣ አርባ ቁጥር። አርባ! እኔ አርባ ቁጥር ያደረግኩት ጢም ሳላወጣ ነው። «ዓርብ ይደርስልሃል» አልኩት። አፌ ነው ቃል የገባው፣ እግሬን አላማከርኩትም።

እና ጣቴ አስቀድሞም ነካ ነካ ያደርገኝ ነበር። ይቺ አውራ ጣት፣ የቀኙ፣ ልክ እንደ ያንተው። ቅዳሜ ጥፍሬ ተቆርጦ... ቆርጬ ማለቴ ነው፣ ቆርጬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጥጉ ላይ፣ እዚህ ጋ፣ ጥፍሩና ሥጋው በሚገናኙበት፣ የሆነች ነገር ትወጋኛለች። ትንሽ ናት። ቀላ ብሏል፣ ሲነኩት ይሞቃል። ያንተም እንዲህ ነው የጀመረው፣ አይደል?

ዮናስ፦ እንደሱ ነው፣ ጋሼ። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር እስከ ጉልበቴ ይሰማኛል። እኔማ ምላጭ ገዝቼ ነበር፣ ማታ ጥጉን ገብቼ ልንቀለው።

መኮንን፦ ምላጩን ለሁሴን ስጠው፣ ጢሙን ይላጭበት። ቁጭ በል ስማኝ፣ ለዚህ እኮ ነው የማወራህ። ዓርብ ደረሰ። ማዶ ሄጄ ያን አርባ ቁጥር አጠለቅኩ። አጠለቅኩ ስልህ እንዲህ በቀላሉ እንዳይመስልህ። ነጋዴው ራሱ በማንኪያ እጀታ ተረከዜን እየገፋ፣ እኔ ግድግዳ ይዤ፣ «ገባ?» «አልገባም»፣ «ገባ?» «አልገባም»፣ በመጨረሻ ገባ። ገባና ዓይኔ ውስጥ ኮከብ አየሁ። ግን መንገዱ አጭር ነው፣ ምን አለበት አልኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ምን ልይ? ከብት የጫኑ ሎሪዎች ተደርድረዋል፣ ሰዉ ተሰልፏል፣ ያ ጠባቂዬ የለም። አዲስ አለቃ መጥቷል፣ መታወቂያ አንድ በአንድ እያገላበጠ ያያል፣ እያንዳንዱን ሰው ከፎቶው ጋር ያስተያያል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቆምኩ፣ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። እግር ደግሞ በሙቀት ያብጣል። አርባ ሦስት የነበረው አርባ አራት ሆነ፣ ጫማው ግን አርባ እንዳለ ነው። ማውለቅ አልችልም፣ ካወለቅኩት ዕቃ ሆነ። ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከኋላዬ ወተት የያዙ አንዲት የቦረና ባልቴት አሉ፤ «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አሉኝ በኦሮምኛ። «ሠርግ አለብኝ» አልኳቸው። እያዘኑ አዩኝና «ልጅቷን አልወደድካትም?» አሉኝ።

(እዚህ ላይ ዮናስ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። መኮንንም ሁልጊዜ እዚህ ጋ ቆም ብሎ ሰዉ ስቆ እስኪጨርስ ይጠብቃል።)

መኮንን፦ ሰባት ሰዓት ላይ ሱቅ ገባሁ። ገባሁና ጫማው አልወልቅ አለ። አስቱ ከተረከዙ ትስባለች፣ ሁሴን ከአፉ ይስባል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ «ቀስ! ቆዳውን እንዳትቀዱት!» ሁሴን «የማንን ቆዳ?» ይለኛል። «የሙሽራውን!» እላለሁ። ሲወልቅ ካልሲው ጫፉ ደም ሆኗል። እኔ ታዲያ መጀመሪያ ያየሁት ጣቴን መሰለህ? ጫማውን ነው፤ ውስጡ ደም ነክቶት እንደሆነ በጣቴ ዳሰስኩት። ደህና ነበር። ሙሽራው እሑድ አደረገው፣ ሲጨፍርበት ዋለ አሉ፣ «እንዴት ያለ ለስላሳ ጫማ ነው!» እያለ። ለስላሳ ነዋ፣ እኔ አስፍቼለት!

ከዚያ በኋላ ምክር መጣ። እዚህ ከተማ ሰው አንድ ቦታ ካመመው ሐኪም የማይሆን የለም። ይሄ ሁሴን መጣ። «መኮንን፣ መሃሉን ጥረብ» አለኝ። «የጥፍሩን መሃል፣ ጫፉ ላይ፣ እንደ ጥርስ ጎርደው። ያኔ ጥፍሩ ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ጥጉም ከሥጋው ይወጣል።» በጣም የሚያውቅ ሰው ነው የሚመስለው፣ እጁን እንዲህ አድርጎ። ተጎረደ። ምንም! ጥፍሬ ሁለት ጥርስ አወጣ፣ ካልሲ መቅደድ ጀመረ፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

ሁሴን፦ እኔ ከአባቴ የሰማሁትን ነው የነገርኩህ። አባቴ ደግሞ ጥፍር አሞት አያውቅም።

መኮንን፦ ይኸውልህ! ሌላው መጣ፣ የጋለ ቅቤ ጠብ አድርግበት አለ፤ አደረግኩ፣ ተቃጠልኩ። አንድ ሾፌር፣ እንዳንተው ሾፌር፣ የባትሪ ውሃ አለ። እሱን እንኳ አስቱ ከበር መለሰችልኝ። እና አሥር ቀን ሆነ። ጣቴ እንደ ቲማቲም ቀላ፣ ከጥጉ መግል ይወጣል፣ በጥፍሩ ላይ እርጥብ ቀይ ሥጋ በቀለበት፣ ሲነኩት የሚደማ። አንሶላ ሲነካኝ እጮሃለሁ። አንሶላ! ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን መደርደሪያው ነው። እግሬ ቆመ ማለት ሱቁ ቆመ ማለት ነዋ፤ እኔ ካልተሻገርኩ ጫማ በራሱ አይመጣም። ተቀምጬ መደርደሪያውን አያለሁ፣ አንድ ጥንድ ይሸጣል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ሌላ ጥንድ ይሸጣል፣ ባዶ። ልጆቹ ገና ትንንሾች ናቸው።

አስቱ «ክሊኒክ እንሂድ» ትለኛለች በየቀኑ። እኔ እምቢ። ለምን? ፈራኋ! የማውቀው ሰው ነበር፣ በትንሽ ቁስል ገብቶ ሲወጣ አንድ እግር ነው የወጣው። ስኳር ነበረበት ለካ፣ እኔ ግን ያንን አላውቅም፣ እኔ የማውቀው በሁለት ገብቶ በአንድ መውጣቱን ነው። «ይቆርጡኛል» አልኳት። ታዲያ ይቺ ሴት ምን አለችኝ? «ወይ አሁን ትነሣለህ፣ ወይ ሲስተር ቃባሌን እዚህ አመጣታለሁ፤ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሃል።» ተነሣሁ። ቦዳ ቦዳ ሞተር ጠራች፣ እኔ መሃል፣ እሷ ከኋላዬ፣ እግሬን እንደ ባንዲራ ዘርግቼ ሄድን።

ሲስተር ቃባሌ እዚሁ የቦረና ልጅ ናት፣ እጇ ወርቅ ነው። አማርኛ ትሞክራለች፣ ግን ወንድና ሴት አትለይም፣ እሷ ዘንድ ሁላችንም አንቺ ነን። «አንቺ ምዜ፣ እግርሽን አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ስንት ቀን ነው?» «አሥር» አልኳት። «አሥር ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?» «ምክር ስሰማ።» የእጄን ጣት ወጋ አደረገች፣ ደም ወሰደች፣ ስኳር ለካች። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም። መለኪያዋን ታያለች፣ እኔ ፊቷን አያለሁ፣ አስቱ ትከሻዬን ይዛለች። «የለብሽም» አለች ሲስተሯ። «ቢኖርብሽ ይሄ አሥር ቀን ጣትሽን ይወስደው ነበር።» ተነፈስኩ። ያን ቀን የተነፈስኩት ትንፋሽ ሶሎሎ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

ከዚያ የማደንዘዣ መርፌ፣ ከጣቴ ሥር፣ በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም። አልዋሽህም፣ መርፌው ያማል። ከዚያ በኋላ ግን ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ሆነ። አያለሁ፣ አይሰማኝም። ጥፍሩን በሙሉ አልነቀለችም፣ የገባውን ጎን ብቻ፣ እንዲህ በቁመቱ፣ እንደ ሪባን ቀጭን አድርጋ ቆርጣ ስባ አወጣችው። አወጣችና በመቆንጠጫዋ ይዛ ብርሃን ላይ አሳየችን። ጫፉ ላይ ሹል ነገር አለበት፣ እንደ ዓሣ አጥንት። ሥጋዬ ውስጥ ተቀብሮ የኖረው እሱ ነው። «አየሽ? ጥጉ ሲቆረጥ ይቺ ቀርታለች። እያደገች ወጋችሽ። ጥፍርሽን የሚቆርጠው ማን ነው?»

ታዲያ ይቺ አስቱ አጠገቤ ቆማለች፣ አፏን ከፈተች። እኔ ደግሞ ድንገት ውሃ ጥም ያዘኝ! «አስቱ፣ ውሃ! ጠማኝ፣ ቶሎ ውሃ አምጪልኝ» አልኳት። መርፌ ሰው ያስጠማል ለካ። ሄደች። እና ለሲስተሯ ነገርኳት፣ «እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ በዚህ ቆዳ በምቆርጥበት ቢላዬ።» ኡ ኡ! ምን አለፋህ፣ ያን ዕለት የሰማሁትን ስድብ እናቴም አልሰደበችኝም። «በቢላ! አንቺ ፍየል ነሽ? ይሄ ሰኮና ነው? ትልቅ ሰው አይደለሽም ወይ?» በአማርኛ ጀመረች፣ አልበቃትም፣ በስዋሂሊ ቀጠለች፣ በኦሮምኛ ጨረሰች። በር ላይ የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ሰማኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ከተማ «ባለ ቢላው» ነው ስሜ። እስከ ዛሬ ይሉኛል፣ አይደለም ሁሴን?

ሁሴን፦ ልጆቼ ሌላ ስም አያውቁልህም።

መኮንን፦ ይኸውልህ። ታዲያ ተሳድባ ስትጨርስ አስተማረችኝ፤ አንተ አሁን ጆሮህን ስጠኝ። ጥፍር የሚያድገው ከኋላ፣ ከሥሩ ነው፤ የሚሄደው ወደፊት ነው። ጥጉን አሳጥረህ፣ አክብበህ ስትቆርጠው ያ ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ሥጋው ይነሣና ቦታውን ይይዛል። ጥፍሩ ተመልሶ ሲያድግ ቦታው ተይዟል። ታዲያ ወዴት ይሂድ? ይወጋል። ጠባብ ጫማ ደግሞ ሥጋውን ከጎን እየገፋ ጥፍሩ ላይ ይጭነዋል፤ እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ አገኘኋቸው። የሁሴን ጥርስ ምንም አይረዳም፣ መሃሉ ቢጎረድ ሥሩ አይሰማም፣ ጥጉም አይሰበሰብም። ጥፍር በቀጥታ ነው የሚቆረጥ፣ እንደ ማስመሪያ፣ ጥጉ ከሥጋው ላይ ወጣ ብሎ እንዲታይ፣ በጣም ሳያጥር። ክብ የሚያምር ለእጅ ነው። እግር ላይ ማማር አያስፈልግም።

ከዚያ ፋሻው ሲፈታ ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ እግሬን መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ የሚዋጥም ሰጠችኝ። የተሸፈነ ጫማ እስኪድን ድረስ ክልክል። በረባሶ ብቻ! ዳንኩ። ጥፍሩ ሞልቶ እስኪያድግ ግን ዓመት አለፈው፣ ጥፍር አይቸኩልም። እና በረባሶዬን አድርጌ መጀመሪያ የተሻገርኩ ቀን ያ ጥርሱን የሚፍቀው ጠባቂ ተመልሶ መጥቷል። በካርቶን ነው ዕቃዬን ይዤ የመጣሁት፣ ቀረጡን እንደ ሰው ከፍዬ። እግሬን አየ፣ ካርቶኑን አየ። «ምዜ፣ ዛሬ በረባሶ?» አለኝ። «ዛሬ እግሬ የራሴ ነው» አልኩት።

በል አሁን አውልቅና አሳየኝ። እ... ቀልቷል፣ አብጧል፣ መግል ግን የለውም። ጥሩ ጊዜ ላይ ነህ። ለብ ያለ የጨው ውሃ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሎሪህን አቁመህም ቢሆን ቀን ላይ። ከተዘፈዘፈ በኋላ ሥጋው ይለሰልሳል፤ ያኔ ትንሽ ንጹሕ ጥጥ በጣትህ አክርረህ ከጥጉ ሥር በቀስታ፣ በቀስታ ነው ያልኩት፣ ታስገባና ጥፍሩን ከሥጋው ቀና ታደርገዋለህ። በየቀኑ ጥጡን ለውጥ። እምቢ ካለህ አትታገለው። መቆፈር የለም፣ ምላጭ የለም። መግል ካየህ፣ ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም በጥቂት ቀን ካልተሻለህ ቀጥ ብለህ ክሊኒክ። ስኳር ተለክተህ ታውቃለህ?

ዮናስ፦ አላውቅም፣ ጋሼ።

መኮንን፦ ተለካ። ስኳር ያለበት ሰው ይቺን እቤቱ አይነካካትም፣ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚሄደው። ጫማህን ደግሞ ማታ ማታ ነው የሚለካ፣ እግር ቀኑን ቆሞ ሲያብጥ፣ ጠዋት የለካኸው ከሰዓት ይከዳሃል። አርባ ሁለት ነው ያደረግከው? አርባ አራት ነህ አንተ! ማን ነው አርባ ሁለት የሸጠልህ? እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

(ዮናስ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቆዳ መቁረጫ ቢላ እያየ ነበር። ተነሥቶ አወረደውና በእጁ ገለበጠው።)

ዮናስ፦ ጋሼ፣ ጥፍርዎን የቆረጡበት ቢላ ይሄ ነው?

መኮንን፦ እሱው ነው።

ዮናስ፦ ይሄ እኮ ከአውራ ጣትዎ ይሰፋል። እንዴት ብሎ ጥጉ ውስጥ ገባ?

ሁሴን ሻዩን ከአፉ መለሰ። መኮንን ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው፣ ዓይኑን በመሐረብ እስኪጠርግ ሳቀ። «ሂድ ወዲያ!» አለው። «አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ፖሊስ? ጫማህን ለካ!» ቢላውን ከእጁ ወስዶ ቦታው ሰቀለው። ከዚያም እንደ ሁልጊዜው ወደ እኔ ዞረ።

«አይደለም እንዴ፣ አስቱ?»

«ነው» አልኩ።

ጨዋታው እዚህ ያልቃል። አሁን መልሴን ልጻፍ።

ዮናስ ልክ ነበር። መኮንን ጥፍሩን ቆርጦ አያውቅም፣ ከተጋባን ጀምሮ አንድም ቀን። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ እግሩን ይታጠባል፣ እዚያችው በርጩማ ላይ ስቀመጥ እግሩን ጭኔ ላይ ያደርጋል። እኔ በክር መቁረጫ መቀሴ እቆርጥለታለሁ። በልጅነቴ እኅቶቼ የእጃችንን ጥፍር እንዴት አክብበው እንደሚያሳምሩልን አውቃለሁና የእሱንም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ጥጉን ጠልቄ፣ አክብቤ። እንዲያምርለት ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ጫማ ታጥፎ የሚውል እግር ቅዳሜ እንኳ ትንሽ ይመርለት ብዬ ነው። ጥጉን ስጠልቅ አንዳንዴ ጣቱ ትንቀጠቀጣለች። «አመመህ?» እለዋለሁ። «ኮረኮርሽኝ» ይለኛል።

ሲስተር ቃባሌ ያንን ሹል ነገር ብርሃን ላይ ስታሳየን ወዲያው አወቅኩት። መቀሴ ያልደረሰበት ቦታ ነው። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ነው ውሃ ያለኝ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ ኩባያ ሞልቼ ስመለስ ሲስተሯ እየሰደበችው ነው፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ፣ ሲስተር፣ እሺ» ይላል። በሩ ላይ ያለው ሰው ይስቃል። ኩባያውን ሰጠሁት። ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እስክንወጣ እንደሞላ እዚያው ነበር።

ፋሻው ተፈትቶ ጣቱ የዳነ ጊዜ፣ ቅዳሜ፣ እግሩን ታጥቦ መጣ። እኔ በርጩማው ላይ አልተቀመጥኩም ነበር፣ እንደሚተወው ነበር ያሰብኩት። አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ እግሩን ጭኔ ላይ አደረገ፣ መቀሱን በእጄ ሰጠኝና «በቀጥታ» አለኝ። አንዲት ቃል። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተነገረም፤ እሱ ለደንበኛው ሁሉ፣ ለዓመታት፣ በራሱ ላይ ሲያወራው እኔ እየሰማሁ ኖርኩ። «ባለ ቢላው» ሲሉት ይስቅ ነበር።

ዮናስ ለቅሶ መጥቶ ነበር። ክፍት ጫማ አድርጓል፣ አጠገቤ ሲቀመጥ ጣቱን አየሁት፤ ድኗል፣ ጥፍሩ በቀጥታ ተቆርጧል። ዓይኔ የት እንዳረፈ አይቶ «እንዳሉኝ አደረግኩ፣ እትዬ» አለኝ። ቢላውን ግን አልጠየቀኝም። ስለዚህም አመሰግነዋለሁ።

አይደለም እንዴ፣ አስቱ?

አይደለም፣ መኮንን። ቢላ አልነበረም። መቀስ ነው፣ መቀሱም በእኔ እጅ ነበር። አንተም ያን ቀን አልጠማህም ነበር።